ኢምፓናዳ በሰሙነ ሕማማት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 10

ሊጡ ቀለጠ። ሊጥ ሲቀልጥ ሳይ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው። ቅቤ የበዛበት ሊጥ በካርቱም ሚያዝያ፣ ያውም በቀትር፣ መዳመጥ እንደማይገባው ማንም አልነገረኝም። ቢነግረኝም አልሰማም ነበር። ጠረጴዛው ላይ ተዘርፍጦ ቀረ። በቢላ ፍቄ ጣልኩት።

በዚህ ዕድሜዬ ሊጥ ውስጥ ምን አስገባኝ? ይጻፍ።

የልጄ የዮናስ ሚስት ማሪሰል ነፍሰ ጡር ናት። ፊሊፒናዊት ናት። ዱባይ ሥራ ላይ ተገናኝተው ተጋቡ። አሁን እሱ ከፖርት ሱዳን በሚነሣ የጭነት መርከብ ላይ ይሠራል፤ እሷ እዚህ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር፣ እኔ ቤት ናት። ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትወርድ አዟታል። ሕፃኑ ለወሩ ትንሽ ነው አለ። ከፋሲካ ማግስት በኋላ ይዘናት እንድንመጣ ቀጥሯል፤ እስከዚያ ክብደት ካልጨመረች ሆስፒታል ያስተኛታል። ለሕፃኑም እሰጋለሁ ብሏል።

«መድኃኒቷ ምግብ ነው፣ ያ ሐጅ» አለኝ። ሐጅ አይደለሁም። ለማረም ጊዜው አልነበረም።

እሷ ግን አትበላም። ሽሮ ሠርቼ አቀርባለሁ፤ «ጥሩ ነው አባባ» ትላለች፣ ሳህኑ እንዳለ ይመለሳል። ፉል፤ «ጥሩ ነው አባባ»። የምስር ሾርባ፤ «ጥሩ ነው አባባ»። ትናንት በሩ ላይ ቆሜ፣ ታዲያ ምን ቢቀርብልሽ ነው የምትበዪው አልኳት። «የእናቴን ኢምፓናዳ» አለች። የሳምቡሳ ዘመድ ነው። ሊጡ ቅቤ አለበት፣ ውስጡ የተፈጨ ሥጋ ነው። ከአያቷ ለእናቷ፣ ከእናቷ ለእሷ የወረደ ነው።

ዘይነባ ብትኖር ትሠራው ነበር። የወሎ ልጅ ናት፣ ግቢዬ ውስጥ አንዷን ክፍል ተከራይታለች፤ ግን ሪያድ ሰፈር ሰው ቤት ስለምትሠራ ከአርብ በቀር አትመጣም። አርብን አልጠብቅም። ፍሪጅ መጠገን ያስተማረኝ ሰው የለም። ፈትቼ፣ አበላሽቼ፣ ገጥሜ ነው የተማርኩት። ሊጥ ከኮምፕሬሰር አይከብድም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 11

ጠዋት ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። በሕማማት ሥጋ ልነካ ነው አልኳቸው። ለማን አሉኝ። ነገርኳቸው። ማሪሰል ካቶሊክ ናት፤ የእነሱ ፋሲካ ባለፈው እሁድ ስላለፈ ጾም ላይ አይደለችም። «አብስል፣ አትቅመስ» አሉኝ። እሱን እኔም አውቀዋለሁ።

ሁለተኛው ነገር ድስት ነው። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ የጀዛር፣ የሙስሊም ሥጋ ሻጭ፣ ሥጋ በድስቴ ገብቶ አያውቅም። በበዓል ከክርስቲያኖቹ ጋር ቅርጫ እገባለሁ፣ ከዚያ ውጭ ሥጋ አልበላም። አሁን ግን ለቅርጫ ጊዜው ስላልሆነ ከጀዛሩ ገዛሁ፤ ለእሱም አዲስ ድስት ገዛሁ። ድስቶቼን አልቀላቅልም።

ከሰዓት በኋላ የማሪሰልን እናት በቪዲዮ አገኘናት። ጠንካራ ሴት ናት። ፀጉሯን ጠቅልላ አስራለች፣ ስታወራ ጣቷን ትቀስራለች። እሷ በአገሯ ቋንቋ፣ ማሪሰል በአረብኛና ከዮናስ በለቀመችው አማርኛ፣ እኔ እየጻፍኩ፦

የተፈጨ ሥጋ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት። በትንንሹ የተከተፈ ድንችና ካሮት። አተር። ሶያ ሶስ የሚሉት ጥቁር ስጎ። ቁንጥር ስኳር። ዘቢብ። ሊጡ ዱቄት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ። የጆሮ ጫፍ ያህል ሲለሰልስ ይበቃዋል።

«የማን ጆሮ?» አልኩ። «የእኔ ደርቋል።»

ማሪሰል ተረጎመች። እናትየው የራሷን ጆሮ ይዛ ስክሪኑ ላይ አስጠጋችልኝ።

ዘቢቡን ሰረዝኩት። ሥጋ ውስጥ ፍራፍሬ አላስገባም። ጥቁሩን ስጎ በሳጃና ሱቆች ሁሉ ጠየቅሁ፣ የለም። እሱም ይቅር። ስኳሩ ቁንጥር ስለሆነ ዐይቼ እንዳላየሁ አልፈዋለሁ። የቀረውን እንደተባለው እሠራለሁ። የተባለው ይገባል፣ ያልተባለው አይገባም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 12

ዛሬ ተሳካ።

ማቀዝቀዝ ሥራዬ ነው፤ ሰኞ ዕለት ይህን መርሳቴ ነው የገረመኝ። ከህረባ፣ መብራቱ፣ ከንጋት ጀምሮ ጠፍቷል፣ ስለዚህ በፍሪጅ መተማመን አልተቻለም። ከበረዶ ሻጩ አንድ ብሎክ በሪክሻ፣ በባጃጃቸው፣ አስመጣሁ። ጆንያ አነጠፍኩለት፣ በላዩ ከአሮጌ ፍሪጅ በር የቆረጥኩትን ንጹሕ ላሜራ አጋደምኩ። ላሜራው እንደ እምነ በረድ ቀዘቀዘ። ሊጡን እዚያ ላይ ዳመጥኩት። መዳመጫ የለኝም፤ ወፍራም የመዳብ ቱቦ አፍልቼ አጥቤ ተጠቀምኩ። ቅቤው ንቅንቅ አላለም። የጎረቤት ሰዎች በአጥር እያዩ ሲስቁ ነበር። ይሳቁ።

በሻይ ሳህን ክብ ክብ እያደረግሁ ቆረጥኩ። ሥጋውን መሐል አድርጌ አጠፍኩት። ጠርዙን እናትየው እንደ ሹሩባ ትጎነጉነዋለች፤ የእኔ ጣት እምቢ አለ። በሹካ ጫንኩት። በዘይት ጠበስኩ። መልኩ ወርቅ ሆነ።

ሽታው ክፉ አልነበረም። በጾም ላይ ያለ ሰው ይህን መጻፉ ደግ አይደለም፣ ግን አልነበረም።

ማሪሰል ክፍል በር ላይ ቆሜ ሳህኑን አቀበልኳት። አንዱን ነከሰች፣ አኘከች።

«ጥሩ ነው አባባ።»

እናትየው በስልኩ ውስጥ ሆና ታያለች። የተቆረሰውን ማሪሰል አሳየቻት። ሴትዮዋ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና ለረጅም ጊዜ ጮኸች።

«ምን አለች?»

«ጥሩ ነው ትላለች» አለች ማሪሰል።

እንዲህ ያለ ምስጋና በአገራቸው ካለ ይሁን። በኋላ ሳህኑን ልወስድ ስሄድ ባዶ ነበር። ከመጣች ጀምሮ ባዶ ሳህን ስመልስ የመጀመሪያዬ ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 13

ጉልባን ለእኔ፣ ኢምፓናዳ ለእሷ። ሁለት ዓይነት ምድጃ የሚያስፈልገው ቤት ሆንኩ።

ዛሬም ባዶ ሳህን። ዮናስ መርከቡ ወደብ ገብቶ ኖሮ ደወለ። ትበላለች አልኩት። «አባዬ፣ አንተ ነህ የሠራኸው?» አለ። «ሳትቀምሰው ልኩን በምን ታውቃለህ?» ብሎም ጠየቀ። በልክ ነው የሠራሁት፣ መቅመስ ልኩን ለማያውቅ ሰው ነው አልኩት።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ፊቷ ያው ነው። ሰው ለሁለት ቀን ሥጋና ቅቤ ሲበላ ትንሽ እንኳ ወዝ ይታይበታል። ምናልባት ለሕፃኑ እየሄደ ይሆናል።

አርብ፣ ሚያዝያ 14

ስቅለት። ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ጉልበቴ ከስግደቱ የተነሣ እንደ ዛገ ማጠፊያ ይንቋቋል። ለማሪሰል የሚሆነውን በጠዋት ጠብሼ በሳህን ሸፍኜ ነበር የሄድኩት።

ስመለስ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ደርሷል። ዘይነባ ከሪያድ መጥታ ማሪሰል አልጋ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ከፊቷ ቴምርና ውሃ አለ። ረመዳን ነውና ቀኑን ስትጾም ነው የዋለችው። የኢምፓናዳውን ሳህን ገለጠችና እኔን አየችኝ።

«ጋሼ፣ ሥጋው ከየት ነው?»

«ከጀዛሩ። ከእናንተው ሰው።»

«ድስቱስ?»

«አዲስ ነው። የክርስቲያን ሥጋ አልገባበትም።»

«የእርስዎ ማክረር ለእኛም ጠቀመን» አለችና ቢስሚላህ ብላ ነከሰች። አኘከች። ማኘኳን አቆመች። እንደገና ጀመረች፤ በውሃ አወረደችው።

«ጋሼ፣ ጨውስ?»

«ጨው አልተባለም።»

«እንዴት አልተባለም?»

«እናትየው ያለችውን ሁሉ ጽፌአለሁ። ጨው የለበትም።»

ዘይነባ በአረብኛ ማሪሰልን ጠየቀቻት። ማሪሰል አንሶላዋን እያየች መለሰች። ዘይነባ ወደ እኔ ዞረች። «ጨዉ እኮ ያ ጥቁሩ ስጎ ነው። በእሱ ነው የሚጣፍጠው። እሱን ነው የተዉት?»

«ሳጃና የለም።»

«ሪያድ ሞልቷል። ለእኔ ቢደውሉ ምን ነበረ? አበሻ ደግሞ ስጎ ቢያጣ ጨው ያጣል?»

ውጭ ወጣሁ፣ ተከትላኝ መጣች። ጨው ባይኖረውም እኮ በልታዋለች፣ ሳህኑ ባዶ ነው የሚመለሰው አልኳት። ዘይነባ ክንዴን ይዛ በግድግዳው ጥግ ወደ ማሪሰል መስኮት ወሰደችኝ። ከመስኮቱ ሥር የግቢው ድመት ሆዷን ነፍታ ተኝታለች። አጠገቧ በሹካ የተጫነ የሊጥ ጠርዝ ወድቋል። ጠርዙን ትታ ሥጋውን ነው የበላችው።

«ለምን አልነገረችኝም?»

«እርስዎን ማን ደፍሮ ይነግርዎታል?»

«እኔ ክፉ ቃል ተናግሬአት አላውቅም።»

«አልተናገሩም። ግን እኔ እንኳ በሬን ሲያንኳኩ ምን አጠፋሁ ብዬ ማሰብ እጀምራለሁ። እሷ ደግሞ በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ አልጋ ላይ ናት። በር ላይ እንደ ፖሊስ ቆመው እንዴት ነው ሲሏት ምን ትበል?»

ፊቴ እንዲህ ነው። ሲሠራ አልተጠየቅሁም። ይህን አልኳት፤ ሳቀችብኝ።

ጾሜን ነኝ፣ ደክሞኛል፣ ግን እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም። ሦስት ቀን ሙሉ የድመት ወጥ ቤት ሆኜ ነበር። ሕፃኑ ደግሞ ከዚያ ሁሉ አንድ ጉርሻ አልደረሰውም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 15

ዘይነባ ወደ ሥራዋ ስትመለስ አብሬያት በሪክሻ ሪያድ ሄድኩ። ጥቁሩን ስጎ ገዝታ ሰጠችኝ። «ከዚህ ጋር ጨው እንዳይጨምሩ» አለችኝ። ሰማሁ።

ቤት እንደገባሁ ወደ ማሪሰል ሄድኩ። በሩ ላይ ቆምኩ።

«ውሸት አልወድም» አልኳት። «ምግቡ እንዴት ነበር? እውነቱን።»

«ጥሩ ነበር አባባ» አለች፤ ዐይኗ እንባ ሞላ።

ሄድኩ። ሰው እውነት ንገረኝ ተብሎ ሲያለቅስ ያየ ከዚህ በላይ አይጠይቅም። እኔ ግን ምን ላድርግ? የምታውቀው ማሪሰል አትናገርም፣ የምትናገረው ዘይነባ የእናትየውን ጣዕም አታውቀውም፣ እኔ መቅመስ አልችልም። እንዲህ ተይዞ ጥገና የለም። ፍሪጅ እንኳ ሲበላሽ ይንጫጫል።

ከሰዓት ቅርጫው ተከፋፈለ። መደቤን ተቀበልኩ፣ ከቀይ ሥጋው ለኢምፓናዳ ለየሁ፣ በራሴ ድስት ሠራሁት። ከጀዛሩ ሥጋ በረዶ ላይ አቆይቼ የተረፈኝን በአዲሱ ድስት ለዘይነባ ሠራሁ። ስጎውን አፈሰስኩ። ከዚያ አርብ የሰማሁት ትዝ አለኝ፣ አፈርኩ፣ ጨውም ጨመርኩበት። ደግሞ እንዳያንስ ብዬ ደገምኩ። በሁለቱም ድስት።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ።

እሁድ፣ ሚያዝያ 16፣ ፋሲካ

ጎህ ሲቀድ ተመለስኩ። ሊጡን ዳመጥኩ፣ መጀመሪያ ጥቂት ብቻ ጠበስኩ። ጾሜን የምፈታው በዚህ ነው ብዬ ወስኜአለሁ።

ሳህኑን ይዤ ማሪሰል ክፍል ገባሁ። ወንበር ስቤ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ ከዚህ በፊት ተቀምጬ አላውቅም። እሷ ደንግጣ ትራሷን አቃናች። አማተብኩና ነከስኩ።

ባሕር ጠጣሁ። ቅርፊቱ ደግሞ ጥርሴን ታገለኝ። ብውጠው ይሻል ነበር፣ አልቻልኩም። መሀረብ ውስጥ ተፋሁት።

«ይሄ ምግብ አይደለም» አልኩ። «ላዩ ጎማ፣ ውስጡ ጨው። ይህን የሠራ ሰው ከእንግዲህ ድስት አጠገብ እንዳይደርስ።»

ማሪሰል አየችኝ። «አባባ፣ አንተ ነህ እኮ የሠራኸው።»

«አውቃለሁ። የተናደድኩት ለዚያ ነው።»

ከንፈሯን ነከሰች። ልትይዘው ሞከረች፣ አልሆነላትም። ሳቀች። ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ሳቀች፤ ምጥ እንዳይጀምራት ፈርቼ ልነሣ ነበር። ሲበርድላት አንዱን አነሣችና ትንሽ ነከሰች፣ ፊቷን አጨማደደች።

«በጣም መጥፎ ነው» አለች።

ጠበቅሁ። አሁን አረብኛው እንደ ቧንቧ ተለቀቀ። የረቡዑም መጥፎ ነበር። የሐሙሱም። ሊጡ ወፍራም ነው፣ ካሮቱ በጣም ትልቅ ነው። ሽሮውም በርበሬው በዝቶ ያቃጥላታል።

«ሽሮው?» አልኩ። «ሽሮው ምን ሆነ?»

«ሽሮው ቀይ ነው አባባ፤ ሕፃኑ ይራገጣል።»

ስለ ሽሮው ሌላ ቀን እንነጋገራለን። የሥጋውስ መላ ምንድን ነው አልኳት። ብዙ ድንች ያለ ጨው ቀቅል፣ በትንንሹ ክተፍ፣ ቀላቅልበት አለችኝ። ጨዉን ድንቹ ይጠጣዋል። ሄጄ ቀቀልኩ፣ ለየድስቱ ለየብቻ ከተፍኩ። ያለቀውን ወደ አልጋዋ ይዤ መጣሁ። ቀመሰች። ራሷን ነቀነቀች፣ እንደገና ቀመሰች።

«ዘቢብ።»

«ሥጋ ውስጥ ፍራፍሬ አይገባም።»

«ይገባል» አለች።

በዚህ ቤት እኔ አይገባም ካልኩ በኋላ ይገባል ያለኝ ሰው የለም። ቆቤን አድርጌ ዘቢብ ልገዛ ወጣሁ። ሱቁ ላይ ቆሜ በራሴ ሳቅሁ፤ ባለሱቁ ስሜን ጠርቶ «ዓም ደርሰህ፣ አጎቴ፣ ደህና ነህ ወይ?» አለኝ።

ስመለስ ላሜራውን በፎጣ ጠቅልዬ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ትራስ ተደግፋ፣ ሳትወርድ፣ የዘይነባን ድርሻ ጠርዝ እንደ እናቷ ጎነጎነችው። የእኛን እኔ በሹካ ጫንኩ። የተጎነጎነው የዘይነባ፣ በሹካ የተጫነው የእኛ፤ ሥጋቸው እንዳይቀላቀል እንዲህ ለየን። እናትየው በስልክ መጣች፣ ሊጡን አይታ ጮኸች።

«ምን አለች?» አልኩ።

ማሪሰል ትንሽ አመነታች። «ሽማግሌው ጉልበቱን ለማን አስቀመጠው፣ ሊጡን አሳስቶ ይዳምጥ፣ ይህ የጫማ ሶል ነው አለች።»

«አሁን መተርጎም ጀመርሽ» አልኳት።

ማሪሰል በላች። ዐይኔ እያየ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ። መስኮቱን ዘግቼው ነበር፤ ኋላ አፍሬ ከፈትኩት። ዘቢቡ እኔንም አላስቸገረኝም። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የዘይነባን በሪክሻ ላክሁ። ከኢፍጣር በኋላ ደወለች። «ጋሼ፣ ኸላስ፣ አሁን ምግብ ሆነ። ማን ሠራው?»

«ልጄ» አልኩ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 18

ዛሬ ሐኪም ቤት ነበርን። ሪክሻው ጉድጓድ በደረሰ ቁጥር ሾፌሩን ተቆጣሁ፤ እሷ «ማሌሽ አባባ፣ ተወው» እያለች ልብሴን ትጎትታለች። ባለፈው በዚሁ መንገድ ስንሄድ አንድ ቃል አልተነፈሰችም ነበር።

ሚዛኑ ጨምሯል። ትንሽ ነው፣ ግን ጨምሯል። ሐኪሙ ማየት የፈለገው ብዙ ነበር። ሕፃኑ አሁንም ትንሽ ነው አለ፤ ልቡ ግን ደህና ይመታል። «አሁን አላስተኛትም» አለ። «በሚቀጥለው ደግሞ እናያለን፣ ኢንሻላህ። ምን እያበላሃት ነው፣ ያ ሐጅ?»

ነገርኩት። ሥጋ ከዘቢብ ጋር ስል ፊቱን አጨማደደ። ሳይቀምሱ መፍረድ አይገባም አልኩት።

ፍርሃቱ አልወጣልኝም። እስኪወለድ ድረስ የሚወጣልኝም አይመስለኝም። ግን ከህረባ መጥቷል፣ ሊጡ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ዛሬ ከእስከዛሬው ሁሉ አሳስቼ ነው የዳመጥኩት።

ማታ ስናቀርብ አንዱን አንሥታ ነከሰች። ወንበሬ ላይ ሆኜ ጠበቅሁ።

«ዛሬ ጥሩ አይደለም አባባ» አለች። «ዘቢቡን ሰስተህበታል።»

ይህን እያለች ጨረሰችው፤ ሁለተኛውንም አነሣች። ድመቷ ከመስኮቱ ሥር ስትጮኽ አመሸች። ምንም አልወረደላትም።